አባቴ የገዛቸው ሃምሳ ስልክ ቁጥሮች

የመካኒሳው ቤት ትናንት እሁድ ተከራየ። ተከራይዋን ያመጣት ማስታወቂያ ደግሞ እኔ የጻፍኩት ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ትንሽ አብጧል፤ ታገሱኝ።

አባቴ የቤት ደላላ ነው። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ቤት ሲያከራይ እኔ ተወለድኩ፣ አደግኩ፣ አሁን ደግሞ እሱን መምከር ጀምሬያለሁ። የመካኒሳው ቤት ግን አልሄድ አለው። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ «እስከ እሁድ ሰው ካላመጣህ ለዚያ ለጓደኛህ እሰጠዋለሁ» አሉት። ጓደኛህ ያሉት እዚያው አግዳሚ ላይ አጠገቡ የሚቀመጠውን ደላላ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ምሳውን በወጉ አልበላም።

በዚህ መሀል «ቤት ፈላጊ ደንበኞች ከነስልካቸው» ብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው አገኘና ሃምሳ ቁጥር ገዛ።

«አባዬ፣ ሰውዬው ፈላጊዎቹን ካወቃቸው ለምን ራሱ አያከራያቸውም?»

«ዘመኑ የኢንተርኔት ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ብዬዋለሁ።

አርብ ከትምህርት ቤት መልስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ቁጥር አነባለሁ፣ እሱ ይደውላል። የመጀመሪያው ሰውዬ ደስ አለው። «ቤት አለህ? እኔ ሰው አለኝ፤ ኮሚሽኑን እኩል።» ሁለተኛውም ሰው አለው። ሦስተኛዋ ጭራሽ ለኛ ቤት ልታከራየን ሞከረች። ስድስተኛው ላይ አጠገባችን ያለው ደላላ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አውጥቶ አየና ጆሮው ላይ አደረገው።

«ምነው፣ ብትጠራኝ እኮ እሰማለሁ» አለው አባቴን በስልኩ።

«ቤት ፈላጊ ነህ ተብዬ ነዋ።»

«ነኝ እንጂ። የመካኒሳውን።»

ለካ ደላሎቻችን ኢንተርኔት ላይ በየቤት ማስታወቂያው ስር «ቤቱ አለ?» እያሉ ቁጥራቸውን ይተዋሉ። ሻጩ እሱን ለቅሞ ደላላን ለደላላ ሸጦታል። ሃያኛው ላይ ተውነው።

እኔ ማስታወቂያ ልጽፍ ደብተሬን አወጣሁ። «ቤቱ ምን ጉድለት አለው?»

«ጉድለት አይጻፍም።»

ጻፍኩት። «ሁለት ክፍል። ጠዋት ፀሐይ ወጥ ቤት ትገባለች፤ ከሰዓት አትመለስም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በርሜል አለ። የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ፤ ሰዓት አያውቅም።» ከስሩ የአባቴን ስልክ ጨመርኩ።

«ዶሮውን አውጪው» አለ አባቴ።

«የኛ አይደለማ፣ አባዬ። በምን አቅሜ?»

ቅዳሜ ጠዋት መካኒሳ፣ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ዳቦ ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አንዲት አስተማሪ ደወለች። ቤቱን አይታ፣ በርሜሉን ከፍታ፣ «ዶሮውን ያልደበቀ ሰው ሌላም አይደብቅም ብዬ ነው የመጣሁት» አለች። አሮጊቷ ቁልፉን በአባቴ እጅ ሰጧት። አባቴ ማታ እራቱን ሁለቴ አስጨመረ።

ቁጥር መግዛት ያዋጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ያዋጣል፣ ሻጩ አንቺ ከሆንሽ።»

አስተማሪዋ በሚመጣው እሁድ ቤት ምርቃት አላት። «ማስታወቂያውን ያነበበ ሁሉ ይምጣ» ብላኛለች። እናንተም አሁን አንብባችኋል፤ ስለዚህ ተጠርታችኋል። ዳቦ ቤቱ ጋ ደርሳችሁ በሩ ከጠፋችሁ ቆም ብላችሁ አዳምጡ፤ ዶሮው ይነግራችኋል።