የጨጓራው ባክቴሪያ፣ የምራቴ አንጀትና የወልቂጤ መንገድ

ቡታጅራ ውስጥ እኔን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ ራሴን አስተምሬአለሁ፤ ራዲዮ እጠግናለሁ፣ ውል አረቅቃለሁ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሳይቀር እስከ ጫፉ አነባለሁ። ስለዚህ ምራቴ ወይንሸት በሆድ ሕመም ስትመነምን፣ ልጄ አዲስ አበባ ንግድ ላይ ነውና፣ ወልቂጤ ሐኪም ዘንድ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ተብላ ደጋግማ መድኃኒት ወስዳለች፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። እኔ ባክቴሪያው ወደ አንጀት ወርዷል ባይ ነኝ። ይህን ለሐኪም እስከማስረዳ ቸኮልኩ።

ተራራው

ሚኒባሳችን በማለዳ ተነሥቶ በጉብሬ በኩል የሚወስደውን አቀበት ተያያዘው። ጉሙ መስኮቱን ሸፈነ። አናቱ ላይ የገብስ ማሳ፣ ወረድ ስንል ቤቱን ሁሉ የከበበ እንሰት። ተሳፋሪውን ስለ ጨጓራ አስተማርኩት። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ፣

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እዚሁ ካለ ነዳጅ ለምን አቃጥላለሁ?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለቁርስ በቆምንበት ቆጮ በአይብና በጎመን በላሁ። ወይንሸት ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ጓሮ ተመላለሰች።

ወልቂጤ

ሐኪሟ ወጣት ናት። የጠየቀችውን ሁሉ እኔ መለስኩ። ስለ ዓይነ ምድር ስትጠይቅ ግን ወይንሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች። በእኛ ዘንድ ምራት በአማቷ ፊት ስሙን እንኳ አትጠራም፤ ይህን እንዴት ትናገር?

«አባቴ፣ ይህን የምፈልገው ከእርሷ ነው» አለች ሐኪሟ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ሆኜ የወይንሸት ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን አያቋርጥም። ምራቴ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

ስጠራ ገባሁ። ሐኪሟ ወይንሸትን አስፈቅዳ ነገረችኝ፤ ዓይነ ምድሯ ደም አለው፣ ሕመሙም ከርሟል። የአንጀት ቁጣ፣ ማለት አንጀቱ ተቆጥቶ የመቁሰል ሕመም፣ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ አበባ ሄዳ አንጀቷ በካሜራ መታየት አለበት። የባክቴሪያውን ነገር አነሣሁባት።

«ባክቴሪያው የሚኖረው ጨጓራ ውስጥ ነው» አለች። «ከአንጀት ቁጣ ጋር ይገናኛል ወይ ብለው የሚያጠኑ አሉ። እንዲያውም ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች መካከል በአንጀት ቁጣ የሚታመሙት አነስ ይላሉ ይባላል። ለምን እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም።»

ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። መልሱ እኔ ካሰብኩት የተገለበጠ ቢሆንም፣ ጥያቄዬ የሊቃውንት ጥያቄ ሆኖ ተገኘ!

መልስ ጉዞ

ተራራውን ስንወርድ ወይንሸት ወደ መስኮቱ እያየች፣ «አባባ፣ አዲስ አበባም እርስዎ ይውሰዱኝ» አለች። «በር ላይ የሚቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ያከናወንኩትን ስቆጥር ይህ ነው፦

ሚኒባስ ሙሉ ሰው ስለ ጨጓራ አስተማርኩ።
ሐኪም እንኳ ቁርጥ መልስ ያጣችለትን ጥያቄ ጠየቅሁ።
ለልጄ ደውዬ የካሜራውን ቀጠሮ አስያዝኩ።
መውጣት በሚገባኝ ጊዜ ወጣሁ።
አዲስ አበባ ላይ በር እንድጠብቅ ተመረጥኩ።