የአብኔዘር ዋስ

የእህቴ ልጅ አብኔዘር ሥራ ያገኘው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ያሳጣሁትም እኔ ነኝ።

ልጁ ኦቲዝም አለበት። ሐኪም ይህን ስም እስኪነግረን ድረስ እናቱ እንቁ በየጠበሉ ስትንከራተት፣ እኔ ደግሞ «ቅብጠት ነው» እያልኩ ስቆጣው ኖረናል። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለው። የጽሑፍ ፈተና ላይ አንደኛ ይወጣና ቃለ መጠይቅ ላይ ይወድቃል። ስድስት ዓመት እንዲሁ! ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያልተቀበሉትን መሥሪያ ቤቶች ስም በተራ ጽፎ ለጥፏል። እንቁ ስትገነጥለው መልሶ ይጽፈዋል።

አምና ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ያለ አንድ መድኃኒት አስመጪ ለመጋዘኑ ረዳት ንብረት ጠባቂ ፈለገ። ለቃለ መጠይቁ ላለማምደው ተነሣሁ። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ይህን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል ባይ! ከረባቴን አስሬ ከምግብ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጥኩ።

«ድክመትህ ምንድን ነው?»

«ጫጫታ ሲበዛ ጆሮዬን ይዤ እወጣለሁ።»

«እንዲህ አይባልም! ‹ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም› በል።»

«ይወስደኛል እኮ፣ ጋሼ።»

የዓይኑ ነገርማ አይነሣ። «መሬት እያየህ ስትናገር የምትዋሽ ይመስላል» አልኩት።

«እማዬ ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ አይታይም ብላኛለች» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ስንቱን ልጅ በዚህ ኮርኩመነዋል። በመጨረሻ ዘዴ ፈጠርኩለት። ዓይን ከከበደህ በቅንድቦቹ መሃል እይ፣ ሰውየው አይለየውም አልኩት። ወደደው። ሳምንቱን ሙሉ የእኔን ቅንድብ ሲያይ ሰነበተ።

እንቁ ከጓዳ ሆና፣ «ቢያልፍስ ዋስ አምጣ ይሉታል። ማን አለን?» አለች።

«እሱ ይለፍ እንጂ ዋሱ እኔ ነኝ!» አልኩና ደረቴን መታሁ። እንደማያልፍ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

አለፈ። ድክመቱን ሲጠይቁት የጆሮውን ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው። ሶሬቲ የምትባለው የመጋዘኑ ኃላፊ «እኛ ጋ ጫጫታ የለም» ብላ አንድ ካርቶን መድኃኒት ፊቱ አስቀመጠች። ጊዜው ያለፈበትን ፓኬት ወዲያው ለይቶ አወጣላት። ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ እስከሚቀጥለው ዐርብ አምጣ አሉት።

ከመሥሪያ ቤቴ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ መፈረም ነው፤ የግማሽ ቀን ጉዳይ። ፈራሁ። ዕቃ ቢጎድልስ? ጫጫታ በዝቶበት በሩን ክፍት ትቶት ቢወጣስ? ካቻምና ለባልደረባዬ ልጅ ዋስ ሆኛለሁ። ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ተጫዋች ልጅ ነበር፣ ደስ አለኝ፣ ፈረምኩ። ዋሽቶ ለማያውቀው ለገዛ ሥጋዬ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። አፈርኩ፣ ግን አልፈረምኩም።

«ሰኞ ና» አልኩት። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል። «ኃላፊው የለም፣ ነገ» አልኩት። ማክሰኞም ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ለቃለ መጠይቁ የገዛንለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የዋስትናውን ፎርም በፕላስቲክ ይዞ።

ዐርብ የመጨረሻው ቀን ነበርና የምሰጠው ሌላ ቀጠሮ አልነበረኝም። «መሥሪያ ቤቱ ዋስ መሆን ከልክሏል» አልኩት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን መዝገብ እያየሁ።

«ጋሼ፣ ወደ ታች እያዩ ሲናገሩ ውሸት ይመስላል። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ» አለ። ጣቱን በሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል አሳረፈ። «እዚህ ይዩና እንደገና ይበሉት።»

ቀና አልኩ። ጣቱ ያረፈበትን ቦታ እያየሁ ደገምኩለት።

«አሁን ጥሩ ነው» አለኝና ሄደ።

ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ከለጠፈው ዝርዝር ግርጌ የመሥሪያ ቤቴን ስም ጽፎበታል። አምኖኛል።