በፈቃዳቸው የለቀቁ፦ አንድ

አቃቂ ላይ ሐምሌ የጭቃና የሪፖርት ወር ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋና እኛ የልማት ኮርፖሬሽኑ ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ የሠራነውንም ያልሠራነውንም አሳምረን ለዋናው መሥሪያ ቤት እንልካለን። ታይፒስቷ እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት በበጋው፣ እዚያው ጫኝና አውራጅ የነበረው ባለቤቴ ሞተ። እዚያው መጋዘናችን ደጃፍ፣ ከባቡር ጭነት ሲያወርድ በሁለት ፉርጎዎች መሐል ተጨፍልቆ ቀረ። ሐምሌ ላይ ሥራ አስኪያጁ የሰጠኝን ረቂቅ ስተይብ ስለ ሠራተኞች የሚለው ክፍል ላይ ደረስኩ። «በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ፦ የለም። በፈቃዳቸው የለቀቁ፦ አንድ።» አንዱ ባለቤቴ ነበር።

ረቂቁን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

«ልጆቼ ሲያድጉ ምን ልበላቸው? አባታችሁ ሥራውን ጥሎ ሄደ ልበል?»

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ግን አደጋ ካልን ኮሚቴ ሲመላለስብን ሊከርም ነው። ፉርጎውም የባቡሩ ነው እንጂ የእኛ አይደለም።»

የገደለው ፉርጎ የሌላ ንብረት ከሆነ ለካ ሟቹም አልሞተም። ግን እንጀራዬ ነውና ተየብኩት።

ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ለሠራተኛው መነበብ ነበረበት፤ ደንብ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ ያነባል። ለተመረተው፣ ለተጓጓዘው ሁሉ ተጨበጨበ። ከዚያ «በፈቃዳቸው የለቀቁ፣ አንድ» አለ።

ከኋላ የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ሽማግሌው፣ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር» አሉ፣ እንደ ወትሯቸው ረጋ ብለው፣ ግን ከዝናቡ በላይ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሠራተኛው ሁሉ እየተነሣ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሥራ አስኪያጁም።

ከልማዱ የተነሣ ነው ያመለጠው። ደንግጦ ወረቀቱን አየ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ በፈቃዱ ለለቀቀ ሰው ነፍስ ይማር አይባልም። ማንም አልተቀመጠም። እኔ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አወጣና እዚያው ቆሞ ሰረዘ፣ ጻፈም። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«ይህን ገጽ እንደገና ምቺልን» አለኝ።

«በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ፦ አንድ» ይላል። ሪፖርቱ በብዙ ቅጂ ነበር የሚሄደው፤ በመሐል የምናስገባው የካርቦን ወረቀት ደግሞ ያረጀ ነው፣ የታችኛው ቅጂ ይደበዝዛል። ያቺን መስመር ጣቴን እስኪያመኝ ጠንክሬ መታኋት፣ የመጨረሻው ቅጂ ላይም እንድትነበብ።