ማናህሎሽና እምቢ ያለው አምፕሊፋየር

ማናህሎሽ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ስፒከርና አምፕሊፋየር ትሸጣለች፤ የተበላሸም ትጠግናለች። እሑድ እሑድ ደግሞ አትላባራ ሰፈር ባለችው ባለ ቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

መከራዋ ሙቀቱ ነበር። ፓስተር ባምላክ እየሰበኩ ሲግሉ አምፕሊፋየሩም አብሯቸው ይግልና ድንገት ራሱን ያጠፋል። ፓስተሩ ያለ ማይክ ጥቂት ይታገላሉ፤ ጉሮሯቸው ሲደክም ባርከው ያሰናብቱናል። ማናህሎሽ በሃፍረት ትሸማቀቃለች። ዕቃው የሚጠፋው ራሱን ከመቃጠል ለማዳን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን በየሳምንቱ እንዲህ ከጋለ ዕድሜው እንደሚያጥርም ታውቃለች።

በመጨረሻ ከፈተችው። ውስጡ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ጠረገች፤ ከግድግዳው አርቃ አስቀመጠችው፤ ከጎኑ ማራገቢያ አቆመችለት። አቧራ እንዳይነካው ተብሎ የተሰፋለትን ወፍራም የከፋይ ልብስም ገፈፈችው። ልብሱን የሰፋችው ዘማሪዋ ተናኘ፣ ራቁቱን ልታስቀምጪው ነው ወይ ብላ አኮረፈቻት።

በሚቀጥለው እሑድ አምፕሊፋየሩ አልጠፋም። ፓስተሩም አላቆሙም። ከኖኅ ተነሥተው፣ አብርሃምን አልፈው፣ ግብፅ አስገብተው ቀይ ባሕርን አሻገሩን። ሕፃናት አለቀሱ፤ አዋቂዎች ምሳቸውን እያሰቡ አሜን አሉ። ስንወጣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ጋሽ ሞገስ፣ ማናህሎሽን ጠጋ ብለው አገልግሎቷን አመሰገኑና ልብሱን መልሳ ብታለብሰው ምን እንደሚመስላት ጠየቋት።

«ይቃጠላል እኮ፣ ጋሼ» አለች።

«ሁልጊዜ አላልኩም። ወደ ማብቂያው ላይ ብቻ።»

ማናህሎሽ ደግሞ እያወቀች ዕቃ የምታቃጥል ሰው አይደለችም። ተናዳ ወደ ፓስተሩ ሄደች። ስብከቱ ረዘመ ብላ በቀጥታ ለመናገር ፈርታ ዙሪያ ጥምጥም ስትል፣ ፓስተር ባምላክ ላባቸውን እየጠረጉ ቀደሟት።

«እህት ማናህሎሽ፣ ያ ዕቃ ዛሬ ምን ነካው? እኔ እኮ የማቆመው እሱ ሲጠፋ ነበር። ብጠብቀው ብጠብቀው እምቢ አለኝ።»

ማናህሎሽን ሳቅ አመለጣት፤ እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ስብከት መጀመር እንጂ መጨረስ ከድሮም እንደሚቸግራቸው ነገሯት። እዚያው ቆመው ተመካከሩ።

አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ተናኘና መዘምራኑ ብድግ ብለው ዝማሬ ይጀምራሉ። ፓስተሩም እንደ ተገላገለ ሰው ፈገግ ብለው ይቀመጣሉ።