ቲጂ እና የሚሳለሙት የጨረር ክፍል በር

ጠዋት ሐኪሙ ሲደውል እማዬ «ተሳስተው ይሆናል፣ እስቲ መልሰህ ደውል» አለችኝ። ደወልኩ። አልተሳሳቱም። እህቴ ትዕግሥት፣ የሁላችሁም ቲጂ፣ በኮሮና ሞታለች። ጽፌውም አላመንኩትም።

ቀብሩ ላይ ከጥቂት ሰው በላይ አይፈቀድም፣ ለቅሶም አንቀመጥም። ስለዚህ እዚሁ ገጼ ላይ ላውራችሁ። እያለቀስኩ ግን አልጽፍም፤ ቲጂ በእጁ አፍንጫውን የሚጠርግ ሰው ካየች ትቆጣለች።

ሥራዋ የካንሰር ታካሚዎችን በጨረር ማከም ነበር። ኮሮና ሲገባ ጭንቀቷ አንድ ብቻ ሆነ፦ ከታካሚ ወደ ታካሚ፣ ከሥራም ወደ ቤት እንዳይሻገር። «ጉንፋን የማይችል ሰው ይሄን እንዴት ይችላል?» ትላለች። ሕክምናው ደግሞ በየቀኑ ነው፤ ፈርቶ መቅረት የለም።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ መለማመጃዋ እኔ ሆንኩ። አራብሳ ቤታችን ሶፋ ላይ ታስተኛኛለች። አንዳንድ ታካሚዎች ጭንቅላታቸው እንዳይንቀሳቀስ ፊታቸው ላይ የሚታሰር ቀዳዳ ቀዳዳ ጭምብል አለ፤ በሱ ፈንታ የእማዬን ወንፊት ትደፋብኛለች። ከዚያ አስነሥታኝ፣ ቀጣዩ ታካሚ ሳይገባ አልጋውን ማጽዳት እንድትለምድ፣ ሰዓት ይዛ ሶፋውን በአልኮል ትወለውላለች።

«ቲጂ፣ ወንፊቱ ዱቄት አለው።»

«ታካሚ አይነጫነጭም! ቀጣይ!»

ቀጣዩም እኔው ነበርኩ።

ሶፋ ላይ ያልተለማመደችው ነገር ግን መጣ። አንዲት እናት ወደ ጨረር ክፍሉ ሲገቡ በሩን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሳለማሉ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ በግንባርም በከንፈርም። ከኋላቸው ያሉት አዩና ተከተሉ። ራት ላይ ድምፃቸውን እያስመሰለች ነገረችን።

«እማማ፣ በሩን አይሳሙ፣ በሽታው ይተላለፋል።»

«እኔ በደርግ ጊዜ ካድሬ እያየኝ የተሳለምኩ ሴት ነኝ! አንቺ ነሽ የምታስተዪኝ? ከከለከልሽኝ ነገ አልመጣም!»

መቅረታቸው ነው ያስጨነቃት። በማግስቱ ከበሩ ራቅ አድርጋ ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች።

«እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት የማይገባው ቀን ሰው የት ሆኖ ነው የሚሳለመው?»

«ከቅጥሩ ውጭ ነዋ።»

«በኮሮና ጊዜ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ቅጥሩ ይቺ መስመር ናት።»

እማማ አሰቡ፣ አሰቡና መስመሯ ላይ ቆመው እጅ ነሱ። ሰልፉ በሙሉ እጅ ነሳ። «ይቺ ልጅ መሪጌታ ያሳደጋት ናት» አሉ። አንድም ቀን አልቀሩም።

ቤት ስትገባ ደግሞ እማዬ ልትስማት ትንደረደራለች፤ ቲጂ ጃንጥላዋን ወደፊት ዘርግታ «ኮሮና በእኔ በኩል አያልፍም!» እያለች በጎን ወደ ሻወር ትሮጣለች። ጎረቤት ሁሉ በዚህ ይስቅ ነበር።

ከየት እንደያዛት አናውቅም። ማሳል እንደጀመረች እኛን ሳትጠጋ በአምቡላንስ ሄደች። ከማከሚያው ስትደውል ስለ ራሷ አታወራም፤ ትንፋሽ እየቆራረጣት «የእናንተ ምርመራ ውጤት መጣ?» ብቻ ነበር የምትለው።

ቲጂዬ፣ ዛሬ ከሰዓት መጣ። እማዬ የለባትም። እኔም የለብኝም። ከታካሚዎችሽም የተያዘ እንደሌለ ባልደረቦችሽ ነግረውኛል።

በቃ፣ ጓንትሽን አውልቂ። ደህና እረፊ፣ እህቴ።