ከቡናው ጋር የደረቀው ጫማ

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው መንገድ ላይ ስለ ሩጫ ጫማ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ጫማውን አገላብጬ አይቼ ባለቤቱ ስንተኛ እንደሚወጣ እናገራለሁ። ጠያቂዬም ብዙ ነው። ልጁ ሩጫ የጀመረበት አባት ሁሉ ሻይ ቤት ድረስ ፈልጎኝ ይመጣና «ያ ቀላሉ፣ ውዱ የውድድር ጫማ ያን ያህል ገንዘብ ቢወጣበት ያዋጣል ወይ?» ይለኛል። እኔም ብርጭቆዬን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «አያዋጣም» እላለሁ። አያዋጣም ስል ስንት ዓመቴ!

እውነቱን ለመናገር እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት ረጅሙ ርቀት ከቤቴ እስከ መናኸሪያ ነው፤ እሱንም ሮጬ አውቶብሱ አመለጠኝ። ስለ ውድ ጫማ የማውቀውን በሙሉ የተማርኩት ከአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ጫማው የእኔ አልነበረም። የገደልኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ ቴፒ አጠገብ በሚገኝ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ የማድረቂያ ማሽን ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የእኛን አካባቢ ለማያውቅ ሰው፣ እዚህ ዝናብ የሚዘንበው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከጎንም፣ ከመሬትም ይዘንባል። የተሰጣ ሸሚዝ ከመድረቁ በፊት ሻጋታ ያወጣል። እኔ በዓይኔ ካልሲ ላይ እንጉዳይ በቅሎ አይቻለሁ፤ ያውም የሚበላውን ዓይነት። ስለዚህ የታጠበ ቡና የሚደርቅበት ያ ትልቅ ማሽን የቡና ብቻ አልነበረም። ከታች እንጨት እየነደደ፣ ከላይ ትኩስ አየር እየነፋ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ፣ ዙሪያውን የእርሻው ሠራተኛ ቦት ጫማ፣ ብርድ ልብስና የልጅ ደብተር ተደርድሮ ይደርቃል። አለቆቻችን ያውቃሉ። የእነሱም ካልሲ እዚያው ነበር።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ በችግኝ ጣቢያው የቀን ሠራተኛ የሆነ የሃያ ሁለት ዓመት የሸኮ ልጅ ነበር። አማርኛን እንደ ስኳር ቆጥቦ ነው የሚጠቀመው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት በቡናው መሐል በተቀደደው የትራክተር መንገድ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ላየው ሰው ከኋላው የሚያባርረው ነገር ያለ ይመስላል። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሚዛን ከተማ የማጣሪያ ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ይወስዳቸዋል። ደመወዝ፣ መኝታ፣ አሠልጣኝ ይጠብቃቸዋል። ዕድሜው ሃያ ሦስት የሞላው አይመዘገብም። ለእሱ እንግዲህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይኸው ነበር። ካልሆነ ችግኝ ጣቢያው አለ፤ ችግኝ ጣቢያው የትም አይሄድም።

ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቱ ይህን ስትሰማ በምትመጣ ሰው እጅ ጫማ ላከችለት። ዕቃው የደረሰው በእርሻው በር ላይ ሱቅ ባላቸው፣ ከጅማ በኩል በመጡት ሐጂ ቤት ነበር። ሐጂ ካርቶኑን ከፍተው አንዱን እግር በሁለት ጣት አነሱት።

«ይቺ ጫማ ናት ወይስ የጫማ ፎቶግራፍ?» አሉ። ከዚያ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጧትና በሌላው በኩል ስኳር ይጨምሩ ጀመር። ሁለት ጭብጥ ሳይሞላ ጫማዋ ወደ ላይ ተነሳች።

«ሐጂ፣ በዚህ ላይ የሚሮጠው እግር ነው ወይስ ሐሳብ?» አልኩ።

«እኔ እንጃ ልጄ። እኔ የምሸጠው ቦት ብዙ ዘመን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ይቺ ግን እንግዳ ናት፤ የእኛን ጭቃ አታውቀውም።» ወደ ልጁ ዞሩ። «እህትህ ስንት ወር ሠርታ ገዛቻት?»

«አልነገረችኝም» አለ።

በማግስቱ ትራክተር መንገዱ ላይ ሰዓት ያዝኩለት። መጀመሪያ በሸራ ጫማው ሮጠ፤ ትንሽ አረፈና በአዲሱ ደገመው። ሁለተኛውን ሲጨርስ ሰዓቴ የቆመ መስሎኝ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። ሰዓቴ ይሠራል። ልጁ አጎንብሶ እየተነፈሰ ሳቀ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ እግሬ የለም» አለኝ። «መሬቱ ብቻ ነው ያለው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ቀን ላያደርገው ወሰነ። የእሱ በር በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ እኔ ደግሞ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ነበረኝ። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ» ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

አሁን እንግዲህ ወደ እኔ ጅልነት ልግባ። በእርሻው ክሊኒክ አዲስ ነርስ ተመድባ መጥታ ነበር፤ ስፖርተኛ ትወዳለች ተባለ። ማን እንዳለው አላጣራሁም። ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ባለው እሑድ ሳጥኑን ከፈትኩ። የልጁ ቁጥር አርባ አንድ ነው፣ የእኔ አርባ ሦስት። ጣቶቼን እንደ ቡጢ ጨብጬ አስገባኋቸውና ወደ ክሊኒኩ ሜዳ ወጣሁ።

«ሯጭ ነህ እንዴ?» አለችኝ ጫማውን አይታ።

«ጉልበቴ ነው ያስቀረኝ እንጂ…»

«በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ?»

«እንደ አየሩ ሁኔታ ነው።»

አየሩ ሰማኝ። ሰማዩ ከጌሻ ተራራ በኩል ጠቆረና ያ የእኛ ዝናብ ወረደ፤ ነርሷ ክሊኒኳ ገባች፣ እኔ በቀዩ ጭቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየሰጠምኩ ተመለስኩ። ጫማው ውኃውን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ጡብ ከበደ። አጠብኩት። በእኛ አገር ያለ ማንኛውም ሰው የሚያደርገውንም አደረግኩ፤ ወደ ማድረቂያው ወሰድኩት። ዙሪያውን ሁሉ ቦት ይዞታል። ስለቸኮልኩ ትኩሱ አየር በቀጥታ ከሚወጣበት አፍ ሥር ከቡናው ጋር አስቀመጥኩት። ከዚያ በሥራ ላይ የነበሩት ባልደረቦቼ ከነርሷ ጋር ስላደረግሁት ወሬ ጠየቁኝና ስለ ሩጫ ሕይወቴ መተረክ ጀመርኩ። ሁለት ወርቅ ካገኘሁ በኋላ ነው ሽታው የጠራኝ።

የቡና ሽታ አልነበረም።

ጫማው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይጠብቀኝ ነበር። ያ እንደ ዳቦ ሆድ የሚለሰልሰው ሶል ደርቆ ተኮማትሯል፤ በቀኙ እግር ላይ ከላይኛው ጨርቅ ተላቅቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከፍቷል። ጥፍሬን አስገባሁ። ጣቴም ተከተለ።

ወደ ሐጂ ሱቅ ሄጄ ማስቲሽ ጠየቅሁ።

«ለምንህ ነው?»

«ለጎማ።»

«ጎማ የለህም እኮ» አሉኝ። ብስክሌት እንኳ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ማስቲሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ሳያነሱ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። ሌላ ነገር አላሉም። ባሉ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ቀባሁት፣ ጫንኩት፣ ከሞላ የቡና ጆንያ ሥር አስተኛሁት። ሲወጣ በዓይን ለሚያየው ሙሽራ ይመስላል። በእጅ ሲነካ ግን እንደ ደረቀ ቂጣ ይንኳኳ ነበር። የዚያን ሳምንት ልጁ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ ግድግዳውን በጣቱ ይመታል።

«ጋሼ፣ ጫማው ደህና ነው?»

«ተኝቷል» እለዋለሁ።

እሱ ይስቃል። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ፣ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ሌላ ነገን ነው።

እሑድ ጠዋት በእርሻው የጭነት መኪና ወደ ሚዛን ተጫንን። እኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ራሴን አሠልጣኝ ብዬ ሾሜ ነበር። ጉሙ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ውጦ፣ መንገዱ ከፊታችን አሥር እርምጃ ብቻ እየታየ ይጠፋል። አንድ መታጠፊያ ላይ ቡና የጫነ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ተጋድሞ አየን፤ ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለዚያ ሹፌር አንድ ሰዓት የሚያስቅ ነገር አወራ ነበር። ልጁ ጠዋት ከሳጥኔ አውጥቼ የሰጠሁትን ካርቶን ሳይከፍት ደረቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ሯጭ ሆነህ ስትታወቅ ጋሼ ማለት እንዳታቆም» የሚል ቀልድ ነው። በመኪናው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

መነሻው ላይ ሯጮች ተጠርተው በጥድፊያ ጫማውን ሲያጠልቅ ፊቱ ተለወጠ። ማሽኑ ከአርባ አንድ ወደ አርባ አውርዶታል።

«ጋሼ፣ እግሬ አብጧል መሰለኝ።»

«የውድድር ፍርሃት እግር ያሳብጣል» አልኩት። «ያለ ነገር ነው።»

ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ። ሸራ ጫማው ውስጡ አለ። «ይሄን ላድርግ ይሆን?»

እዚህ ላይ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው፤ «አድርግ»። ነገር ግን ሸራውን ለማድረግ ይኼኛውን ማውለቅ አለበት፤ ካወለቀው በእጁ ይዞ ያየዋል፤ ካየው ያውቃል። «እህትህ ለዚህ ነው የላከችው?» አልኩት ቆጣ ብዬ። አንገቱን ደፍቶ ክሩን አጠበቀ።

መንገዱ ከሚዛን ወደ አማን ወርዶ ይመለሳል፤ ሁለት ዙር ነው። እኔ ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። በመጀመሪያው ዙር አራተኛ ሆኖ አለፈኝ፤ ፊቱ ደህና ነው፣ ትንፋሹ ደህና ነው። ቀኝ እግሩ ሲያርፍ ግን ሌሎቹ ጫማዎች የሌላቸው ድምፅ ሰማሁ። ጠፍ። ጠፍ። ጠፍ። ካለፈም በኋላ ከታች ይሰማኝ ነበር። ከጎኔ የቆሙት ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ እኔ ፊሽካዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ አንዱ ሯጭ ብቻውን ወረደ። ቀጥሎ እሱ መጣ። ሁለተኛ ነው! ሰው ጮኸ። የቀኝ ጫማው ድምፅ አሁን ነፋስ እንደሚመታው ያልተዘጋ መስኮት ነበር፤ ፊቱን ወደ እኔ ሲያዞር ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ድካም አልነበረም፤ ምን እየሆነብኝ ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ከእኔ አምስት እርምጃ ሲቀረው ሶሉ ከእግሩ ሥር ተጠቀለለ።

በጉልበቱና በመዳፉ ወደቀ። አስፋልቱ ላይ ሲንሸራተት የተሰማውን ድምፅ አልጽፈውም። ተነሳ፤ አንድ እግሩ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ፣ እያነከሰ ቀጠለ። ሁለት ሰው አለፈው፤ ሦስተኛውም፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሶሉ አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ ቀረ። ሰው ሁሉ ወደ ልጁ ሲያይ እኔ ሮጬ — አዎ፣ ያን ጊዜስ ሮጥኩ — ሶሉን አነሳሁና ኮት ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት።

መጨረሻው መስመር ጋ ስደርስ ሦስቱ አሸናፊዎች ስማቸውን እያስመዘገቡ ነበር። እሱ አጥር ሥር ተቀምጦ ከጉልበቱ ላይ ጠጠር ይለቅማል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

«ፎርጅድ ነው» አልኩት። «እህትህን አታለዋታል።»

«የእኔን እህት?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጠጠሩን መልቀም ቀጠለ።

ዛሬ በችግኝ ጣቢያው የሠራተኞች ኃላፊ ነው፤ ልጆች ወልዷል። መሮጥ ለሚፈልጉ ወጣቶች እኔን ምስክር ጠርቶ «ውድ ጫማ አያዋጣም» ይላቸዋል። ያዋጣ ነበር እኮ። በሰዓት የያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ጫማ ልጁን ከዚህ ጭቃ አውጥቶ አዲስ አበባ የሚያደርስ ጫማ ነበር፤ የሚፈልገው ነገር ቢኖር በጥላ ሥር ቀስ ብሎ የሚያደርቀው፣ ምላሱን የሚሰበስብ ጎረቤት ብቻ ነው።

ዘልዬ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ከውድድሩ በኋላ ባለው እሑድ እህቱ እንደ ልማዷ ሐጂ ሱቅ ደወለች። ልጁ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ስልኩን «ጋሼ ያስረዱሽ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ ስኳር እየጠቀለሉ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። እሷ እያለቀሰች የከፈለችውን ዋጋ፣ ያታለላትን ባለ ሱቅ፣ የእሷን ሞኝነት አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔም ድምፄን አወፍሬ፣ «አይዞሽ እህቴ፤ ሁለተኛ ስትገዢ ሶሉን በደንብ ጎትተሽ ሞክሪው» ብዬ መከርኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ማን ይነግረን ነበር?»

«አብሮ ይስጠን» አልኩና ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ጫማውን ያቃጠልኩት እኔ መሆኔን ለእሷም ለእሱም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።