እንከን የማይወጣለት ብየዳ

ሻለቃ የሚሏት አንድ ቀን እንኳ ወታደር ቤት ሳትረግጥ ነው። ሐይቁን የምታሻግር የተሳፋሪ ጀልባ አላት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የምታዘውም እሷ ናት። ወፈር ያለ ሰው መሀል፣ ቅርጫት የያዘ ከኋላ፣ ስልክ የሚያወራ ከሞተሩ አጠገብ፤ እዚያ ራሱንም አይሰማ። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ «እኔ እዚህ ይመቸኛል» ብለው ሊከራከሯት ሞክረው ነበር። ማዶ የደረሱት እሷ ባስቀመጠቻቸው ቦታ ተቀምጠው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት መሪውን የያዘችው እሷ ስትሆን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጀልባዋ አንድም ቀን ከምንም ነገር ጋር ተጋጭታ አታውቅም። ይህን ደግሞ ሳትጠየቅም ትናገራለች።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ውሃው ከመቼውም በላይ ሸሸ። ማንም የማያስታውሰውን የድሮ ወደብ የብረት ምሰሶ፣ ሳይገለጥ ከውሃው ሥር አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያደፍጥ አደረገው። አንድ ቀን ጠዋት ሻለቃ ሃያ ሁለት ሰው ጭና ስትሄድ ጀልባዋ ከሆዷ «ዷ!» አለች፤ ከኋላም ሞተሩ ተንገጫገጨ። በወለሉ ክፍተት ውሃ ሽቅብ መምጣት ጀመረ። አንዲት ነርስ ጮኸች። ሻለቃ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ሁላችሁም ወደ ግራ። ጃኬታችሁን አጥብቁ። የሚጮህ ሰው ውሃ ይቅዳ» አለች።

ነርሷ ባልዲ ያዘች። ቀዳዳው በቀኝ በኩል ስለነበር ሰዉ ወደ ግራ ሲሰበሰብ የቀዳዳው ግማሽ ከውሃ በላይ ወጣ። ሻለቃም እያቃሰተ ባለው ሞተር ቀስ ብላ ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ አስጠጋቻት። ከሃያ ሁለቱ አንድም ሰው አልተጎዳም።

የኢንሹራንስ ነገር ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ሻለቃ ግን ውሉን ከነትንንሽ ፊደሎቹ አንብባዋለች፤ ምን እንደሚጠየቅ ታውቃለች። የዚያኑ ቀን ቀሚሷ ሳይደርቅ ቢሮው ገብታ አመለከተች። ጸሐፊው «ነገም ይደርሳል እኮ» ቢላት «ነገ የራሱ ሥራ አለው» ብላ ቅጹን እዚያው ቆማ ሞላች። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት የተሳፋሪዎቹን ቃል አስፈረመች፤ ከወደብ አስተዳደሩም ምሰሶው ያለበትን ቦታ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጻፈች።

የምትቸኩልበት ምክንያት ነበራት። የሞተሩ ዘንግ ተጣሟል፤ አዲስ ዘንግ ደግሞ ያለ ካሳው የሚታሰብ አይደለም። ጀልባዋ ሠላሳ ቀን ቆማ ከዋለች የመስመር ፈቃዱ ለሌላ ባለጀልባ ይሰጣል። ያ ሌላ ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስሙን ግን መጥራት አትወድም።

በዚህ ሁሉ ሩጫ መሀል አንድ ነገር ብቻ ረሳች፤ ለዋርሳዋ «ጀልባዋን እንዳይነኩ» ማለት።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ በያጅ ነው። ጀልባዋን ከባዶ ላሜራ ጀምሮ የሠራት እሱ ነው። ሰሞኑን ግን ሰፈሩ «ዐይኑ ደከመ» እያለ ያማው ጀመር፤ በርና መስኮት የሚያሠራው ሁሉ ማዕዘኑ ላይ አዲስ ወደተከፈተው ብየዳ ቤት መሄድ አበዛ። ጀልባዋ ተጎትታ ዳርቻ ላይ ስትወጣ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሻለቃ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት እሱ የተቀደደውን ቆርጦ ጣለ፣ አዲስ ላሜራ ገጠመ፣ በየደ፣ ሞረደ፣ ቀለም ቀባ። ዝንብ ቢሄድበት እንቅፋት አያገኝም።

በሦስተኛው ቀን ጉዳቱን የምትገምተው ባለሙያ ከኢንሹራንሱ መጣች። ወጣት ናት፤ ባትሪዋን ይዛ ከጀልባዋ ሥር ገብታ ብዙ ቆየች።

«እናቴ፣ የተመታው የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ» አለች ሻለቃ፣ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ያየችውን አየችና አፏን ያዘች።

«እዚህ ጋማ ምንም የለም።»

ዋርሳዋ ከኋላ ሆኖ ፈገግ አለ። ለበያጅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። «ተቀዶ ነበራ! እኔ ነኝ የጠገንኩት» አለ።

«የወጣው ላሜራስ?»

«ብረት ሰብሳቢው ወሰደው።»

«ፎቶ?»

ፎቶ አንድ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ያነሳችው ነው፤ የሚታየውም የራሷ እግርና ውሃ ነው።

ገማቿ ክፉ ሰው አልነበረችም። «ምስክሮቹ ድምፅ ሰማን ይላሉ፤ ድምፅ ዘንግ አያጣምምም። ዘንግ በእርጅናም ይጣመማል፣ እርጅናን ደግሞ ውሉ አይሸፍንም። መመታቷን የሚነግረኝ ሆዷ ነበር። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ሻለቃ በልቧ ወደደቻት፤ እሷም ብትሆን አትፈርምም ነበር።

ትንሽ አሰበች። ከላሜራው ጀርባ የሚደግፉት ብረቶች አሉ፤ አጥንት ይሏቸዋል። ከውስጥ በኩል የነዳጅ ታንከሩ ስለሸፈናቸው አይታዩም። ዘንግ ያጣመመ ምሰሶ መቼም አጥንቶቹን ምሮ አያልፍም።

«ጋሼ፣ አጥንቶቹ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ናቸው። ቀጥ ያሉ።»

«አንዱም አልጎበጠም?»

«አልኩሽ እኮ!»

ሻለቃ ሁለቱንም መዘነች። እሱ ልክ ከሆነ ላሜራው ቢከፈትም የሚገኝ ማስረጃ የለም፣ ጀልባዋም አበቃላት። እሷ ልክ ከሆነች ደግሞ የሰፈሩ ሐሜት እውነት ነው ማለት ነው፤ ያውም በእንግዳ ሰው ፊት፣ በገዛ ሥራው ሊጋለጥ ነው። ባሏን በቀበረች ማግስት ሞተሩ እንቢ ሲላት፣ ሳትጠራው መጥቶ እስኪነሳ ድረስ ከአጠገቧ ያልተለየው ይኸው ሰው ነው። ቢሆንም ይህች ሰው የሚጫንባት ጀልባ ናት።

«ይክፈቱት» አለች።

«ምኑን?»

«ላሜራውን።»

«አንቺ! በዕድሜዬ እንደዚህ አድርጌ በይጄ አላውቅም እኮ!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ይክፈቱት።»

«እኔ አልነካውም። ሌላ ሰው ጥሪ!»

«ሌላ ሰው አይነካትም። የሠሯት እርስዎ ነዎት፤ የሚከፍቷትም እርስዎ ነዎት።»

የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ገማቿ ሰዓቷን አላየችም፤ ደግ አደረገች። በመጨረሻ ተነሥቶ ግራይንደሩን አነሳ፤ ቀለሙ እንኳ በወጉ ያልጠናውን ሥራውን ዙሪያውን ቆረጠው። ላሜራው ጠጠሩ ላይ ወደቀ።

ገማቿ ባትሪዋን ወደ ውስጥ አበራች። «ሁለቱ ወደ ውስጥ ጎብጠዋል። ይሄኛው ደግሞ… ተሰንጥቋል።» ፎቶ አነሳች፣ ለካች፣ ጻፈች። «ከውጭ የመጣ ነገር ነው የመታት። እርጅና እንዲህ አይመታም። ዘንጉም አብሮ ይገባል» አለች።

ሻለቃ አሸነፈች፤ ደስ ግን አላላትም። ዋርሳዋ አንገቱን አስግጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጣቱን በብረቱ ላይ እያሳለፈ ሄደ፤ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይሄን አላየሁትም» አለ። ማንም አልጠየቀውም። «ይሄን ሸፍኜ ሰው ላስጭንበት ነበር።»

«አጥንቶቹ ተቀይረው ላሜራው ሲበየድ መጥቼ አያለሁ። የሚሠራው ማን ነው ብዬ ልጻፍ?» አለች ገማቿ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ሻለቃ ሳታመነታ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ዋርሳዋ። «ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሰውዬ ጥሪው፤ እጁ ደህና ነው። የኔ ዐይን ሄዷል። ከሄደም ቆይቷል፤ የሰፈሩን አፍ ላዘጋ ብዬ ነው ሮጬ የበየድኩት።»

ሻለቃ ወደ ዋርሳዋ ዞረች። «እሺ። እሱ ይበይድ። እርስዎ ግን ከአጠገቡ ንቅንቅ አይሉም። ያለ እርስዎ እሺታ አንዲት ነጥብ አይበይድም።»

«ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?»

«እኔ እያለሁ? እስቲ አልሰማም ይበላ!»

የማዕዘኑ በያጅ በመጀመሪያው ቀን አልሰማም አለ፤ ካንድ ወገን ጀምሮ ቢበይድ ላሜራው በሙቀት ተጣመመበት። «አንዴ ከዚህ፣ አንዴ ከዚያ፤ ብረቱን አሳርፈው እንጂ!» አለው ዋርሳዋ። በሦስተኛው ቀን በያጁ ራሱ «ጋሼ፣ ቀጥሎ የቱ ጋ ልግባ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ገማቿ መጥታ አየች፣ ፈረመች። ዘንጉም ገባ። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጀልባዋ ውሃ ነካች።

ተሳፋሪው ተሰልፏል። ዋርሳዋ ግን ከወለሉ በታች ወርዶ በዚያ ጨለማ ውስጥ መጋጠሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፉ እየዳበሰ ቆየ። አንድ ነጋዴ «ኧረ ረፈደብን!» ሲል ሻለቃ «ጋሼ ሳይወጡ አንነሳም» አለችው።

ቆይቶ ብቅ አለ። «ደረቅ ነው» አለ።

ሻለቃ እጁን ተቀብላ ገለበጠችውና በሁለት እጇ መዳፉን ዳበሰችው። ደረቅ ነበር። እጁን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።